ቀጥሎ ምን ላንብብ? ዕቅድ ይምረጥልኝ ወይስ ልቤ?

አንድ መጽሐፍ ካለቀ በኋላ ቀጣዩን ማን ይምረጥ? ቀድሞ የወጣ ዕቅድ ወይስ የዕለቱ ፍላጎት? ሁለት አንባቢዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል። አንዷ ለዕቅድ ትሟገታለች፤ ሌላው ለፍላጎት።

ለዕቅድ

በሂሳብ ልጀምር። በወር 2 መጽሐፍ የሚጨርስ ሰው ጎበዝ አንባቢ ነው። በዓመት 24 ይሆንለታል። 40 ዓመት ሳያቋርጥ ቢያነብ 960። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ላይ ያሉትን መጻሕፍት ቆጥሬ 130 ሚሊዮን ገደማ አገኘሁ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የታተሙት እዚህ ውስጥ የሉም። ከዚህ ሁሉ የእኔ ድርሻ 960 ነው፤ እሱም ዕድሜና ጤና ከሰጠኝ። ይህን ያሰላሁ ቀን በጣም ደነገጥኩ። ቀጣዩን መጽሐፍ እንደ ቀላል ነገር ማየት ያቆምኩትም ያን ቀን ነው።

"ልቤ የወደደውን አነባለሁ" የሚል ሰው፣ ልቡ ማንን ሰምቶ እንደወደደ ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ የሰማው ማስታወቂያ ነው። ወይም ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚያወራለትን መጽሐፍ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰሞኑን መጽሐፍ ሳሳድድ ኖሬያለሁ። ዛሬ ከብዙዎቹ የማስታውሰው ሽፋናቸውን ብቻ ነው።

ከዚያ መጽሐፍ መምረጥ ትቼ ጥያቄ መምረጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ "ኮሌራ በውሃ እንደሚተላለፍ ሰዎች እንዴት ደረሱበት?" የሚል ነበር። ያገኘሁት የመጀመሪያ መጽሐፍ የታወቀውን ታሪክ ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ሟቾቹ የት የት ይኖሩ እንደነበር በካርታ ላይ አሰፈረ። ሞቱ በአንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችቶ አገኘው። የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፣ ወረርሽኙ ቆመ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ እንደዚያ አወራ ነበር። ግን ከመጽሐፉ ጀርባ ካሉት ዋቢ መጻሕፍት አንዱን መርጬ ቀጠልኩ። ሁለተኛው መጽሐፍ የመጀመሪያውን አረመልኝ። እጀታው ሲነቀል ብዙ ሰው ሰፈሩን ጥሎ ሸሽቶ ነበር። በሽታውም መቀነስ ጀምሮ ነበር። ይህን የጻፈው ስኖው ራሱ ነው። ታዋቂው ካርታም የተሳለው ከእጀታው መነቀል በኋላ ነው። በሦስተኛው ደግሞ ሐኪሞቹ ለምን እንዳላመኑት ገባኝ። በሽታ የሚመጣው ከሚሸት መጥፎ አየር ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ስኖው እ.ኤ.አ. በ1858 ሲሞት አብዛኞቹ አቋማቸውን አልለወጡም።

ሦስቱን ተከታትዬ ስላነበብኩ አንዱ በሌላው ላይ ሲመሰክር ሰማሁ። በስሜት ብመርጥ ሦስተኛው እጄ ላይ አይደርስም ነበር።

ለፍላጎት

እህቴ፣ የኮሌራውን ታሪክ ደስ ብሎኝ አነበብኩት። የእኔ ታሪክ ግን ሌላ ነው።

አንድ ጊዜ "ሳይነበቡ የማይታለፉ" ተብለው የተደረደሩ መቶ መጻሕፍት ዝርዝር አገኘሁ። ከአንድ እስከ መቶ በተራ ላነባቸው ቆረጥኩ። አራተኛው ላይ ተቀረቀርኩ። ማታ አንድ ገጽ አነባለሁ፣ እንቅልፍ ይወስደኛል። በማግስቱ ያንኑ ገጽ እደግመዋለሁ። ሌላ መጽሐፍ ደግሞ አላነሳም፤ "መጀመሪያ ይህን ልጨርስ" እያልኩ ራሴን ከልክያለሁ። እንደዚያ ስምንት ወር አለፈ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ መጽሐፍ ያሳለፍኩት ረጅሙ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የበላው ስንፍና አልነበረም። ዝርዝሩ ነው።

ያን አራተኛ መጽሐፍ ልመልስ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። በመደርደሪያዎቹ መካከል ሳልፍ ስለ ንቦች የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ዓይኔ ገባ። ስለ ንብ አንብቤ አላውቅም። ቆሜ ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። አበባ ያገኘች ንብ ቀፎው ውስጥ እየጨፈረች አቅጣጫና ርቀት ለሌሎቹ ትነግራለች ይላል። የምትጨፍርበት አንግል ከፀሐይ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ያሳያል። እየተንቀጠቀጠች የምትቆይበት ጊዜ ርቀቱን ይናገራል። ይህን የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 ለዚህ ዓይነቱ ጥናቱ ኖቤል ተሸልሟል። መጽሐፉን በአንድ ቀን ጨረስኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አነበብኩ፣ ከዚያም ሌላ። ንባቤ ተመለሰ።

ደግሞስ ዝርዝር የሚያወጡት ሰዎች መቼ ተሳስተው አያውቁም? የሥነ ጽሑፍ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ1901 ሲጀመር ታላቁ ሩሲያዊ ደራሲ ቶልስቶይ በሕይወት ነበር። ሽልማቱ ግን ለፈረንሳዊው ገጣሚ ሱሊ ፕሩዶም ተሰጠ። ቶልስቶይ እስከ 1910 ኖሯል፤ አንድም ዓመት አልተሰጠውም። በእነዚያ ዓመታት ሽልማቱን ብቻ ተከትሎ ያነበበ ሰው ቶልስቶይን ሳያገኘው ይቀር ነበር።

ስለዚህ የእኔ ደንብ አጭር ነው። ሃምሳ ገጽ እሰጠዋለሁ። ካልያዘኝ እዘጋዋለሁ፣ አልጸጸትም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን ከ400 ዓመት በፊት አንዳንዱ መጽሐፍ ለመቅመስ፣ ሌላው ለመዋጥ፣ ጥቂቱ ብቻ ለማላመጥ ነው ብሏል። ዕቅድ ሁሉንም እንድንውጥ ያስገድዳል።

ለዕቅድ

ወንድሜ፣ ስምንት ወርህ ያሳዝናል። ግን ያ ዝርዝር የሌላ ሰው ነው። እኔ የምሟገተው አንባቢው ከራሱ ጥያቄ ለሚያወጣው ዕቅድ ነው። የሰው ጫማ እግርህን ስለላጠህ ጫማ አይጠቅምም አትልም።

ስለ መደርደሪያው ግን አንድ ነገር ልንገርህ። "ዓይኔ ገባ" አልክ። እዚያ ማን አስቀመጠልህ? ብዙ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚደረድሩት ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው ሥርዓት ነው። እሱ ዕውቀትን በአሥር ከፍሎ ቁጥር ሰጠው። ለሃይማኖት የደረሰው ከ200 እስከ 299 ነበር። ከእነዚህ አብዛኛው ለክርስትና ተሰጠ። እስልምና፣ ቡድሂዝም፣ ሂንዱይዝም፣ ሌላውም ሁሉ 290ዎቹ ውስጥ ተጨናነቁ። በዚያ መደርደሪያ ፊት እንዲሁ የሚንሸራሸር ሰው በአጋጣሚ ነው የመረጥኩት ይላል። መንገዱን ግን ሌላ ሰው አስቀድሞ ቀይሶታል። ነፃ የመሰለህ ምርጫ በሌላ ሰው ዕቅድ ውስጥ የተደረገ ነው። ታዲያ ለምን የራሴ አይሆንም?

ሌላው መርሳት ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚጠፋ አሳይቷል። እየቆዩ ደጋግመው ሲመለሱበት ግን ይቆያል። በአንድ ጉዳይ ላይ ሦስት መጽሐፍ ሳነብ የማደርገው ይህንን ነው። ንቡን ከአንድ ዓመት በኋላ ምን ያህል ታስታውሰዋለህ?

ለፍላጎት

አስታውሰዋለሁ። አሁን የጻፍኩልሽ መጽሐፉን ሳልገልጥ ነው፤ ካነበብኩት ስድስት ዓመት አልፎታል።

ኤቢንግሃውስ የሸመደደው ምን እንደነበረም አብረሽ ብትጽፊው ጥሩ ነበር። ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት ናቸው። ሆን ብሎ ነው እንደዚያ ያደረገው፤ ትርጉም ያለው ነገር በቀላሉ ስለሚያዝ ሙከራውን እንዳያበላሽበት። ሙከራውን የሠራውም የተሞከረበትም እሱ ብቻ ነበር። የወደድኩት መጽሐፍ እንደዚያ አይደለም።

የዲዊው ነገር ግን ነካኝ። አስቤው አላውቅም። ከእንግዲህ መደርደሪያ ፊት ስቆም ጎን ለጎን የተቀመጡትን በሌላ ዓይን አያቸዋለሁ። የማላልፍባቸውን ክፍሎችም እየፈለግኩ እገባለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ኮሌራን ማን መረጠልሽ? ያ ጥያቄ በየትኛው ዕቅድ ላይ ተጽፎ ነበር?

ለዕቅድ

በየትኛውም። ሌላ ነገር ሳገላብጥ የስኖውን ካርታ አየሁት። በየቤቱ ፊት የተደረደሩ ጥቁር መስመሮች አሉ። እያንዳንዷ መስመር አንድ ሞት ናት። ፓምፑ አጠገብ መስመሮቹ ተደራርበዋል። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ያ ልብ ነው፣ እቀበላለሁ። ግን ያን ካርታ አይቶ ገጹን የገለጠው ስንት ሰው ነው? እኔም ከዚያ በፊት ብዙ ያስደነቁኝን ነገሮች አይቼ አልፌያለሁ። ያን ቀን ልዩ ያደረገው ጥያቄውን ደብተሬ ላይ መጻፌ ነው። ከሥሩም የሦስት መጽሐፍ ቦታ ክፍት ተውኩ።

ለፍላጎት

ደብተሩን እወስዳለሁ። ሦስቱን ቦታ ግን አልቆጥርም። አንዱ ይበቃኝ ይሆናል፣ ወይም አሥር አይበቃኝም። ሁለተኛው ሃምሳ ገጽ ላይ ካልያዘኝ ቦታው ባዶውን ይቅር።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ስለ ዋሻ ሥዕሎች የተጻፈ መጽሐፍ አለ። ትናንት ማታ 31ኛው ገጽ ላይ ነበርኩ። ዋቢ መጻሕፍቱን ገና አልገለጥኳቸውም፤ ዛሬ ማታ እገልጣቸዋለሁ።