የተወጋ አይረሳም፤ ልጁስ?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እየተባልን አድገናል። ተረቱን ለረጅም ጊዜ ያለጥርጥር ተቀብዬው ኖሬያለሁ። አሁን ግን አንድ ያልነገረን ነገር እንዳለ ይሰማኛል። የተወጋው ባይረሳ እንኳ ልጁ ሊረሳ ይችላል። ይህን ያሳሰበኝ በወጣትነቴ ዘፈኖቹን እየሰማሁ ያመሸሁለት እንግሊዛዊ ዘፋኝ ሞሪሲ ነው።

ሞሪሲ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ማንችስተር አጠገብ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። በ1982 ከጊታር ተጫዋቹ ከጆኒ ማር ጋር «ዘ ስሚዝስ» የተባለውን ባንድ መሠረተ። ባንዱ አምስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ይሁን እንጂ በጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ዘመን ሥራ ያጣው፣ ዓይን አፋሩ፣ በየትኛውም ማኅበር ውስጥ ቦታ ያላገኘው ወጣት የራሱን ድምፅ የሰማው በዚህ ባንድ ነበር። ለተገፋ ሰው እንደዚያ አድርጎ የዘፈነ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ለንደን እንደገባሁ፣ ቋንቋውን ገና በደንብ ሳልይዝ፣ ዘፈኖቹ ስለ እኔ የተጻፉ ይመስሉኝ ነበር።

ይኸው ሰው በ2018 «ፎር ብሪተን» ለሚባል ፓርቲ ድጋፉን በይፋ ሰጠ። ፓርቲው እስልምናን የብሪታንያ ዋና ጠላት አድርጎ የተነሣ ትንሽ የቀኝ አክራሪ ቡድን ነበር፤ በ2022 ፈርሷል። በ2019 ሞሪሲ አሜሪካ ውስጥ በጂሚ ፋለን የቴሌቪዥን መድረክ ላይ ሲዘፍን የዚህን ፓርቲ ዓርማ ደረቱ ላይ ለጥፎ ታየ። ካርዲፍ የሚገኝ አንድ ጥንታዊ የሙዚቃ ሱቅ ከዚያ በኋላ የእሱን ሥራዎች መሸጥ አቆመ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሜ የማስበው አንድ ነገር አለ። የሞሪሲ እናትና አባት ከደብሊን፣ ክራምሊን ከሚባል የሠራተኞች ሰፈር የመጡ ስደተኞች ናቸው። የፓርቲው መሥራች አን ማሪ ዋተርስም የተወለደችው ደብሊን ነው። እንግሊዝን ከባዕድ ለማዳን ቆመናል ያሉት የአንድ ስደተኛ ቤተሰብ ልጅና ራሷ ባሕር ተሻግራ የመጣች ሴት ነበሩ ማለት ነው።

በዚህ ላይ «ግብዝ ነው» ብሎ መሳደብ ቀላል ነው፤ ብዙዎችም ብለውታል። እኔ ከዚያ አልፌ ማየት እፈልጋለሁ። ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበትም አለ። በ2007 አንድ የሙዚቃ መጽሔት ስለ ስደት የተናገረውን አትሞ ዘረኛ አስመሰለኝ ብሎ ሞሪሲ ከሶታል፤ መጽሔቱም በ2012 ዘረኛ ነው ብለን አናምንም ሲል ይቅርታ ጠይቋል። ለእንስሳት ያለው ርኅራኄም የልብ ነው፤ ፓርቲውን የደገፈበት አንዱ ምክንያት ከብቶች ሳይደነዝዙ መታረዳቸውን መቃወሙ ነበር። ስለዚህ ክፉ ሰው ነው ለማለት አልጻፍኩም። የጻፍኩት ስለ ትዝታ ነው።

በ2004 ያወጣው አንድ ዘፈን አለ፤ ርእሱ «የአየርላንድ ደም፣ የእንግሊዝ ልብ» ማለት ነው። በዚያ ዘፈን ውስጥ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይላል። እንግሊዛዊ መሆን የማያሳፍርበትን፣ ባንዲራው አጠገብ መቆም ዘረኛ የማያሰኝበትን ቀን ይናፍቃል። እዚያው ደግሞ ኦሊቨር ክሮምዌልን ይረግማል። ክሮምዌል በ1649 ድሮኼዳ በተባለችው ከተማ አየርላንዳውያንን የጨፈጨፈ የእንግሊዝ ጦር መሪ ነው። እንግዲህ ዘፋኙ ረስቷል ሊባል አይችልም፤ ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የሆነውን በደል በልቡ ይዞታል። እኔ ያጣሁበት የክሮምዌልን ሳይሆን የመስኮቱን ትዝታ ነው።

የየትኛውን መስኮት? ታሪኩ ረጅም ነው።

በ1950ዎቹ አሥር ዓመታት ብቻ ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከአየርላንድ ወጥቷል፤ አብዛኛው ወደ እንግሊዝ። ከደብሊን አጠገብ ካለው ከዳን ሌሪ ወደብ በመርከብ ተነሥቶ ዌልስ ውስጥ ሆሊሄድ ይወርዳል፤ ከዚያ ሌሊቱን በባቡር ተጉዞ ለንደን ዩስተን ጣቢያ ይደርሳል። ወንዱ በቁፋሮና በግንባታ፣ ሴቷ በሆስፒታል ነርስነትና በቤት ሠራተኝነት ተሰማሩ። በ1959 የተከፈተውን ኤም ዋን አውራ ጎዳና ሲሠሩ፣ የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር ሲቆፍሩ ብዙዎቹ እነሱ ነበሩ። ንጋት ላይ ካምደን ታውንና ክሪክልውድ መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ ተቋራጩ በመኪና መጥቶ ጉልበት ያለውን ለይቶ ይጭናል። «ላምፕ» በሚሉት አሠራር ያለ ውል፣ ያለ መድን በጥሬ ገንዘብ ይከፈላቸዋል። ወጣት ሳሉ ኪሳቸው ሞልቶ ነበር፤ ጀርባቸው ሲጎብጥ ግን ጡረታ የሚያሰላላቸው ወረቀት አልነበራቸውም። ከሚያገኙት ላይ ቀንሰው ወደ አገር ቤት መላክ አላቋረጡም። ሐዋላ የላከ ኢትዮጵያዊ ይህን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መስኮቱ ላይ ደግሞ ጽሑፍ ነበር። ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች «ጥቁር፣ ውሻና አይሪሽ አንቀበልም» የሚል ካርድ ይሰቅሉ እንደነበር ያን ዘመን የኖሩ ብዙዎች ይመሰክራሉ። ብሪታንያ በቤት ኪራይ አድልዎን በሕግ የከለከለችው በ1968 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ እመጣለሁ። አከራዩ ጥቁሩንና አይሪሹን በአንድ ካርድ ላይ አብሮ ጽፎ ነበር፤ መንግሥት ግን ለያያቸው። የብሪታንያ ፓርላማ በ1949 ያወጣው «የአየርላንድ ሕግ» አየርላንድ ሪፐብሊክ ብትሆንም ዜጎቿ በብሪታንያ እንደ ባዕድ አይቆጠሩም አለ። በ1962 ከካሪቢያን፣ ከሕንድና ከፓኪስታን የሚመጣውን ሰው ለመግታት የስደት ሕግ ሲወጣ በወረቀት ላይ አይሪሾችንም ይነካ ነበር፤ በተግባር ግን እነሱ ላይ አልሠሩበትም። ሞሪሲ ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። በር ላይ አብረው ከቆሙት ሁለት ስደተኞች አንዱ ገብቷል፤ ሌላው ውጭ ቀርቷል። የገባው ሰው ልጅ አድጎ ራሱን የቤቱ ባለቤት አድርጎ ማየቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። በቆዳው ቀለም የተነሣ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ተመሳስሏል፤ አፉን ከፍቶ ካልተናገረ፣ ስሙ ካልተጠራ፣ ማን ያውቀዋል?

መመሳሰሉ ግን እስከ መጨረሻው አላዳናቸውም። ኅዳር 21 ቀን 1974 በርሚንግሃም ውስጥ በሁለት መጠጥ ቤቶች ቦንብ ፈነዳ፤ 21 ሰው ሞተ፣ ከ180 በላይ ቆሰለ። ድርጊቱ ሰሜን አየርላንድን ከብሪታንያ ለማላቀቅ በትጥቅ ይታገል የነበረው የአይ አር ኤ ቡድን ነበር። በስምንት ቀን ውስጥ ፓርላማው ተጠርጣሪን ያለ ክስ ሰባት ቀን ለማሰር የሚያስችል የሽብር መከላከያ ሕግ አጸደቀ። ስድስት አየርላንዳውያን ተይዘው ተደበደቡ፤ አራቱ አመኑ፤ ስድስቱም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ ንጹሕ መሆናቸው ታውቆ የወጡት በ1991 ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። በርሚንግሃም የቅዱስ ፓትሪክን በዓል በአደባባይ ለማክበር እስከ 1996 ድረስ አልደፈረችም። ያ ሁሉ ሲጀምር ሞሪሲ የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከአይሪሽ ቤት፣ ከካቶሊክ ትምህርት ቤት።

በግንቦት 22 ቀን 2017 ደግሞ በራሱ ከተማ በማንችስተር የኮንሰርት አዳራሽ ቦንብ ፈንድቶ 22 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ወጣቶችና ልጆች ነበሩ። ዕለቱ የሞሪሲ የልደት ቀን ነው። በማግሥቱ የጻፈው ቁጣ የተሞላ ነበር፤ ፖለቲከኞቹ የገዳዩን ማንነት ለመጥራት ይፈራሉ አለ። ሐዘኑ እውነተኛ እንደነበር አልጠራጠርም። ግን አስቡት፤ በ1974 በርሚንግሃም ያዘነችው ሐዘንም እውነተኛ ነበር። ከዚያ ሐዘን ውስጥ ነው ጎረቤቱን ሁሉ በአነጋገሩ መጠርጠር የመጣው። ስለ ካቶሊኮቹ ይባል የነበረው፣ ታማኝነታቸው ለሮም ጳጳስ ነው፣ ይራባሉ፣ ቦንብ ይደብቃሉ የሚለው፣ ዛሬ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ለሙስሊሙ ይነገራል። ይህን ዜማ ከማንም በፊት ለይቶ ማወቅ የነበረበት የዚያ ቤት ልጅ ነበር።

ደም ብቻውን አይወስንም ለማለት ጆኒ ማርን እጠቅሳለሁ። እሱም የአየርላንድ ስደተኞች ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከኪልዴር አውራጃ ከአታይ ነው የመጡት። ሁለቱ የአንድ ከተማ፣ የአንድ ባንድ ልጆች ናቸው። በ2010 ወግ አጥባቂው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሩን ዘ ስሚዝስን እወዳለሁ ሲል፣ ጆኒ ማር «እንዳትወድ ከልክዬሃለሁ» ብሎ በአደባባይ መለሰለት። የማር ፖለቲካ ከጓደኛው ጋር ከተለያየ ቆይቷል።

እኔ የአይሪሾችን ነገር የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ለንደን በመጣሁ ሰሞን በስልክ ክፍል አለ የሚሉኝ ሰዎች በአካል ስደርስ ተይዟል ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ ክሪክልውድ ውስጥ አንዲት አሮጊት አከራዩኝ። ከሜዮ አውራጃ በ1957 የመጡ፣ ሆስፒታል ሲያጸዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ፓስፖርቴን አልጠየቁኝም፤ ብርዱን ትችለዋለህ ወይ ብቻ ነው ያሉኝ። ከእህታቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው መስኮት መስኮቱን እያነበቡ ክፍል ይፈልጉ እንደነበር ነገሩኝ። ከበርሚንግሃሙ ፍንዳታ በኋላ ለወራት ዳቦ ሲገዙ በጣት እያሳዩ ነበር የሚገዙት፤ አነጋገራቸው እንዳይሰማ። አውቶቡስ ላይ ልጃቸውን «ዝም በል» ይሉት ነበር፤ ልጁ ግን እንግሊዝኛውን እንደ ለንደን ልጅ ነበር የሚናገረው። ዝም ማለት የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።

ያ ልጅ ጎልምሶ እሑድ እሑድ ይመጣል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ ስደተኞች አነሣ፤ በዙ፣ ሰፈሩ ጠፋ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተን ማለቴ አይደለም» አለኝ። እናቱ ሹካቸውን አስቀምጠው «እኔንም እንደዚሁ ነበር የሚሉኝ» አሉት። ደነገጠ። ስለ ዳቦው ነገር ከዚያ ቀን በፊት ሰምቶ እንደማያውቅ ቆይቶ ገባኝ። በ1840ዎቹ አየርላንድን ስለፈጀው ረሃብና ስለ ክሮምዌል ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በደንብ ያውቅ ነበር።

የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ትልቁን ቁስል እናወርሳለን፤ መዝሙር አለው፣ ክብር አለው። ትንሹን ውርደት፣ የመስኮቱን ካርድ፣ በጣት የተገዛውን ዳቦ፣ ግን እንደብቃለን፤ ያሳፍራልና። ነገር ግን አዲስ መጤውን ስናይ «እኔ ነኝ ይሄ» የሚያሰኘን ያ ትንሹ ነው። ክሮምዌልን መጥላት ጎረቤትን ለመለየት አይረዳም።

ይህን ስጽፍ ስለ እኛም እያሰብኩ ነው። በለንደን በዝክርም በሠርግም ቤት ከራሳችን ሰዎች «አሁንስ በሩ ይዘጋ» ሲባል ሰምቻለሁ። አንዱ ተናጋሪ በሱዳንና በሊቢያ በረሃ አቋርጦ፣ ባሕሩን በጎማ ጀልባ ተሻግሮ የመጣ ነው። ልጆቹ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። እንዴት እንደመጣ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ «በአውሮፕላን የመጣሁ ይመስላቸዋል» አለኝ።

በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ፊደል እናስቆጥራለን፣ ስለ ዓድዋ እናስተምራለን። በወር አንድ ቀን አንድ ወላጅ ተቀምጦ እንዴት እንደመጣ፣ የመጀመሪያውን ክረምት የት እንዳደረ፣ ማን በሩን እንደዘጋበትና ማን እንደከፈተለት ለልጆቹ እንዲናገር ለወላጆች ኮሚቴ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ሁለት እናቶች እሺ ብለዋል። ያ አባት ግን ልጆቼ እኔን በዚያ መልክ እንዲያዩኝ አልፈልግም አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለነበር አልተጫንኩትም። ከፋሲካ በኋላ እንደገና እጠይቀዋለሁ።