ሁለተኛው ኳርተርባክ በያርድ ብቻ አይመረጥም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) የተጠባባቂ ኳርተርባኮችን፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመሩ ኳስ ወርዋሪዎችን፣ ፉክክር የመዘነው በሦስቱ የቅድመ ውድድር ጨዋታዎች ስንት ያርድ ርቀት ወረወሩ በሚለው ብቻ ነው። ያ ያርድ በማን ላይ እንደተገኘም መታየት ነበረበት። በአራተኛው ሩብ ሜዳ ላይ የሚቀሩት ተከላካዮች አብዛኞቹ በቅርቡ የሚቀነሱ ናቸው፤ አሰልጣኞቹም ዋናውን ስልታቸውን ደብቀው ነው የሚያጫውቱት።

እኔ የማየው ሰዓቱን ነው። ኳርተርባኩ አሰልጣኙን የሚሰማበት የራስ ቁሩ ውስጥ ያለው ራዲዮ ቀጣዩን ሙከራ ለማስጀመር ከተሰጠው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀር ይዘጋል። እስከዚያ ትእዛዙን ሰምቶ፣ ለጓደኞቹ ነግሮ፣ አሰላለፉን ማስያዝ አለበት። የሚዘገይ ልጅ ተከላካዩን የሚያነብበት ጊዜ አይኖረውም፤ ሰዓቱ ካለቀበትማ 5 ያርድ ቅጣት ይከተላል። ውድድሩ ከተጀመረ ወዲያ ደግሞ ልምምዱን ከሞላ ጎደል ዋናው ይወስደዋል። ሁለተኛው የሚውለው የመጪውን ተጋጣሚ አጨዋወት ሲያስመስል ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ሳይለማመድ ገብቶ የማይደናገጥ ሰው ነው።

የሳን ፍራንሲስኮን ቡድን እዩ። በ2021 ኳርተርባኩን ትሬይ ላንስን ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት በ3ኛ ምርጫ ወሰዱት። በ2023 ኦገስት ሁለተኛነቱን ለሳም ዳርኖልድ ሰጥተው ላንስን በአንድ የአራተኛ ዙር የድራፍት ምርጫ ለዳላስ ቡድን አሳለፉት። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ፊላዴልፊያ ላይ ዋናው ኳርተርባካቸው ብሮክ ፐርዲ ክርኑን፣ ተተኪው ጆሽ ጆንሰን ጭንቅላቱን ተጎዱ። ፐርዲ አርቆ መወርወር እያቃተው ተመልሶ ገባ፤ 31 ለ 7 ተሸነፉ። ሦስተኛ የድንገተኛ ኳርተርባክ የሚፈቅደው ደንብ የመጣውም ከዚያ በኋላ ነው።