ክሌፕ ወይስ ክፍል?

የመከራከሪያው ነጥብ፦ ክሌፕ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት በአሜሪካ የሚሰጠው ፈተና ነው። በ34 የትምህርት ዓይነቶች ይሰጣል፤ ያለፈ ሰው ክፍል ገብቶ ሳይማር፣ ኮርሱን እንደወሰደ ተቆጥሮለት ክሬዲት ያገኛል። በዋሽንግተን አካባቢ እየሠሩ የሚማሩ ወገኖቻችን በዚህ መንገድ ቢሄዱ ይበጃቸዋል? ደጋፊው የቀድሞ የሒሳብ መምህር፣ የአሁን የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ናቸው። ተቃዋሚዋ በአንድ ማኅበረሰብ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ያስተምራሉ።

ደጋፊ፦ አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። እዚህ ኮሌጅ ስመዘገብ መጀመሪያ የታዘዝኩት ኮሌጅ አልጀብራ እንድወስድ ነው። ስንቱን ተማሪ ያስተማርኩትን እኩልታ እንደ አዲስ ለመስማት አራት ወር ልቀመጥ? ሌሊቱን የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ የምሠራ ሰው ነበርኩ፤ የምተኛበት ሰዓት እንኳ አልነበረኝም። ስለዚህ ክሌፕ ተፈተንኩ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ማስያው እዚያው ስክሪኑ ላይ፤ 60 ጥያቄ በ90 ደቂቃ። እንደጨረስኩ 71 የሚል ቁጥር ብቅ አለ። ከፍተኛው ውጤት 80 ነው፤ አብዛኞቹ ኮሌጆች የሚጠይቁት 50 ነው። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። በዚህ አገር መምህርነቴን የቆጠረልኝ የመጀመሪያው ነገር ያ ፈተና ነው። ክፍያው ደግሞ ከ100 ዶላር ብዙም አይርቅም፤ የሦስት ክሬዲት ኮርስ ስንት እንደሚያስከፍል አንባቢ ያውቃል።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ በሒሳቡ አልሞግትዎትም፤ የደከሙበት ነውና ሊቆጠርልዎት ይገባል። የምሠጋው እርስዎን አይተው ለሚከተሉት ነው። ከተማሪዎቼ አንዷ ኬሚስትሪን በክሌፕ አልፋ ነርሲንግ ለመግባት አመለከተች። ላብራቶሪ የሌለው ክሬዲት አንቀበልም አሏት፤ ኮርሱን እንደገና ወሰደች። በዚያ ላይ የክሌፕ ክሬዲት አብዛኛውን ጊዜ ከጂፒኤ አይደመርም፤ የነርሲንግ መግቢያ ፉክክሩ ደግሞ በጂፒኤ ነው።

የእኔ ዋና ነገር ግን ይህ አይደለም። ባለፈው ዓመት ክፍሌ ውስጥ የሦስት ልጆች አባት የሆነ የአገራችን ሰው ነበር። ሲጽፍ ዋናውን ሐሳብ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያኖረዋል። እኛ ሰላምታውን አድርሰን፣ ዙሪያውን ዞረን ነው ወደ ጉዳዩ የምንገባው፤ እዚህ ግን አንባቢው በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይፈልገዋል። አራት ጊዜ አርሜ መለስኩለት። በአምስተኛው ቁልጭ ያለ ጽሑፍ አመጣ። አገር ቤትም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ የሚሰጠው ግን ከትምህርቱ በኋላ ነው፣ በትምህርቱ ፋንታ አይደለም።

ደጋፊ፦ እህቴ፣ ስለ ላብራቶሪው ያሉት እውነት ነው። ከመፈተን በፊት ሬጅስትራሩን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል፤ እኔም እንዲሁ ነው ያደረግሁት። የመውጫ ፈተናውን ማንሳትዎ ግን የሚያግዘው እኔን ነው። የአራት ዓመት ትምህርት በፈተና ይመዘናል ካልን፣ ፈተና ዕውቀትን እንደሚለካ ተቀብለናል። ታዲያ ዕውቀቱ የተገኘው ጅማ ይሁን ሜሪላንድ ምን ለውጥ አለው? ሞደርን ስቴትስ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ለክሌፕ የሚያዘጋጅ ኮርስ በነፃ ይሰጣል፤ ኮርሱን ለጨረሰም የፈተናውን ክፍያ ይሸፍናል። ሌሊት የሚሠራ ወላጅ ይህን በር ለምን ይዘጋበታል? እኔ ራሴ ቀጥሎ የአሜሪካ ታሪክንና ኮሌጅ ኮምፖዚሽንን (የእንግሊዝኛ ድርሰት አጻጻፍን) ልፈተን አስቤያለሁ።

ተቃዋሚ፦ እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። አልጀብራን ይዘውት መጡ። የአሜሪካን ታሪክ ግን ይዘው አልመጡም፤ ሊሸመድዱት ነው። ይዘን የመጣነውማ አማርኛችን ነበር፤ የክሌፕ የቋንቋ ፈተናዎች ግን ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ብቻ ናቸው። ታሪክ ክፍል ገብተው፣ ስለ ባርነትና ስለ እርስ በርስ ጦርነቱ የአገሩ ልጆች ፊትዎ ሲከራከሩ ቢሰሙ፣ ልጆችዎ የሚያድጉበትን አገር ያውቁታል። ኮምፖዚሽን ፈተናው ላይም ሁለት ድርሰት ይጽፋሉ፤ ውጤቱ ይመጣል፣ ጽሑፉ ግን ታርሞ አይመለስልዎትም። በአልጀብራ ያተረፉትን ሴሚስተር ለዚያ ያውሉት። የእኔ ክፍል ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ነው።