በደላችሁን በቀኑና በስሙ ጥሩት

የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ሆይ፣ ስብሰባችን ታሟል። አጀንዳው የውሃ መቋረጥ ነው ተብሎ እንጠራለን። ሦስተኛው ተናጋሪ እጁን ሲያወጣ ውሃው ይቀርና «ወሎን ማን አየው? መቼስ ከሰው ተቆጥረን እናውቃለን?» ይጀመራል። አዳራሹ በጭብጨባ ይሞላል። መልስ ይዞ መምጣት የነበረበት ኃላፊም አብሮ ያጨበጭባል። ለምን አያጨብጭብ? ሰፈሩ ስንት ቀን ውሃ እንዳላገኘ፣ ፓምፑ መቼ እንደሚጠገን የሚጠይቀው ጠፍቷላ። ምሬታችን በሰፋ ቁጥር ተጠያቂው ሰው እየተሰወረ መሄዱን እንዴት ሳናስተውል ቀረን?

በደል ደርሶብናል፤ ይህን የሚክድ ወሎን አያውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የምንወቅሳችሁ በማስታወሳችሁ አይደለም፤ ስታስታውሱ ቀኑን፣ አድራጊውንና የጠፋውን ነገር ስለምትጥሉ ነው። መጀመሪያ «እገሌ ይዞታዬን ነጠቀኝ» ይባላል። ትንሽ ቆይቶ «የእገሌ ዘመዶች» ይሆናል። በመጨረሻ ስሙ ይጠፋና «እነሱ» ብቻ ይቀራል። «እነሱ» ፍርድ ቤት አይቆሙም፣ ካሳ አይከፍሉም፣ ይቅርታም አይጠይቁም። ነገሩ እዚህ ሲደርስ ፖለቲከኛው ይመጣና «ሕመማችሁ የሚገባኝ እኔ ነኝ» ይላችኋል። ሕመሙ ከዳነ እሱ ሥራ ይፈታል፤ ስለዚህ እንዲድን አይፈልግም።

ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብን እኛ ነን። በ1965 እና በ1966 የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ደበቀው። ቁጣው ተገቢ ነበር። ደርግ ያን ቁጣ አነሳው፤ ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት የረሃብተኛው ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ። በሙታናችን ሥልጣን ተያዘ። አሥር ዓመት አልፎ በመስከረም 1977 ያኔ በወሎ ሥር በነበረችው ኮረም ላይ ሕዝብ ሲረግፍ፣ ያው መንግሥት አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ በዓሉ ግን በለጠ። ስለ ወሎ መቆጣትና ለወሎ እህል ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚችል ሰው ዛሬም በየመድረኩ ሞልቷል፤ እናንተም ታጨበጭቡለታላችሁ።

ከዚህ የሚከፋም አለ። በ2014 ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ በገቡበት ከአንድ ወር በላይ በሆነው ጊዜ የቀረ ሁሉ ተባባሪ አልነበረም። አልጋ የያዘች እናት ያለችው ቀረ፤ ለመኪና የሚከፍለው ያጣ ቀረ። እናንተ ግን በቤት ኪራይ ጠብ፣ በሱቅ ፉክክር መሃል «ያኔ ምን ስትሠራ እንደነበር እናውቃለን» ትላላችሁ። የምታውቁ ከሆነ ጻፉት። ለአንድ ድርጊት አንድ ወረቀት ያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ከሰፈሩ ስም ጋር፣ የተደረገውን፣ ያደረገውን፣ የነበሩትን ምስክሮች አስፍሩ። በዓይናችሁ ያያችሁትንና የሰማችሁትን አትቀላቅሉ፤ አብዛኛው አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ንብረት ከሆነ ዓይነቱን፣ ብዛቱን፣ የዚያን ጊዜ ዋጋውን ጻፉ፤ ደረሰኝ፣ ፎቶ፣ የሐኪም ወረቀት ካለ ኮፒውን አያይዙ፤ ዋናውን ለማንም አትስጡ። የጎረቤትን ኪሳራ በራሳችሁ ላይ አትደምሩ፤ አንዱ ቁጥር ውሸት ሆኖ ሲገኝ እውነተኛውም አብሮ ይጣላል። በሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ቁጥርና ቀን ሳታስጽፉ አትውጡ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ስለ ክስ፣ ስለ እውነት ማፈላለግና ስለ ካሳ ይናገራል። ያ ሁሉ ማስረጃ ይፈልጋል፤ የቡና ላይ ሐሜት እዚያ አይቆጠርም። የምትጽፉት ከሌላችሁ ደግሞ የሰውን ስም ተዉ።

ሕጉ ለአቤቱታ ቀን እንደሚቆርጥም እወቁ። በስድብ የተነካ ሰው አቤቱታውን ድርጊቱንና አድራጊውን ባወቀ በሦስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ሰው በጫት ቤትና በቡና ላይ ጉዳዩን ሲያወራ ከርሞ ይርጋ፣ ማለት ሕጉ የቆረጠው የጊዜ ገደብ፣ ሲያግደው «ፍትሕ የለም» ይላል፤ አንዳንዴ እውነቱን ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ቀኑን ያባከነው ራሱ ነው። የዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ በአስገዳጅ ሰውን መሰወርን፣ ኢሰብአዊ ድብደባን ግን ይርጋ እንደማያግዳቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ተደንግጓል። እነዚህን በዓመታት ርዝመት ተስፋ ቆርጣችሁ አትተዉ።

የእድር ዳኞችና ሽማግሌዎች፣ እናንተም ከወቀሳ አትድኑም። ጠበኞችን ባንድ ወንበር ታስቀምጡና «ለሰላም ሲባል ተወው» ትላላችሁ። በወሎ ደም ሲደርቅ፣ ማለት የገዳይና የሟች ወገን ሲታረቅ፣ በይቅርታ አይጀመርም። ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ይሰማሉ፣ በዳዩ ያደረገውን በአፉ ያምናል፣ ካሳው ይቆረጣል፤ መሐላውና ዱዓው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ መጨረሻውን መጀመሪያ አደረጋችሁት። ካሳ ሳያይ እንዲምር የተገደደ ሰው ቂሙን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ለልጁም ያወርሰዋል።

የሁለቱን ከተሞች ፉክክርም እንንካው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ኮምቦልቻ ላይ ሲመረቅ ምክንያቱ የሚታይ ነበር፦ ሜዳ አለ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፣ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ጂቡቲ የሚወስድ መንገድ አለ። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል በ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ የተቀመጠች ናት፤ ያን ያህል ሜዳ ከየት ታምጣ? «ኮምቦልቻ ወሰደብን»፣ «ደሴ ትንቀናለች» መባባሉን ተዉትና የሚመለከታችሁን ጠይቁ፦ የፓርኩ ሠራተኛ ደመወዝ ከቤት ኪራዩ ምን ያህል ይተርፋል? በሁለቱ ከተሞች መሃል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ጠዋትና ማታ ለሚመላለሰው ትራንስፖርት ማን ያዘጋጃል? ታሪፉንስ ማን ይቆጣጠራል? የሁለቱ ከተማ ነዋሪ ባንድ ደብዳቤ ላይ ፈርሞ ለሁለቱም ከንቲባ ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ቀን ገቢ ማድረግ ይችላል።