ማስተካከያ፦ የቆዳ ጥላ ጥቁር በመጨመር ብቻ አይገኝም

በዲጂታል ሥዕል ጀማሪዎች ዘንድ በስፋት የተሰራጨ አንድ መመሪያ፣ የቆዳን ጥላ ለመሥራት በመነሻው ቀለም ላይ ጥቁር መጨመር ብቻ በቂ እንደሆነ ይገልጻል፤ ይህ ትክክል አይደለም።

በቆዳ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን አብዛኛው ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባና ከፊሉ ከተበተነ በኋላ ተመልሶ የሚወጣ ሲሆን፣ ቀዩ ብርሃን ከአረንጓዴውና ከሰማያዊው ይልቅ ርቆ ስለሚጓዝ፣ ብርሃንና ጥላ በሚገናኙበት ለስላሳ ድንበር ላይ ቀላ ያለ ቀለም ይታያል። ይህም በቆዳ የብርሃን ባሕርይ ላይ በተደረጉ የሕክምና ጥናቶችና እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ የኮምፒውተር ግራፊክስ ምርምር የተብራራ ነው። ጆሮ ከኋላው ብርሃን ሲያገኝ ደምቆ የሚቀላውም በዚሁ ምክንያት ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ሜላኒን ብዙውን ብርሃን ስለሚውጥ፣ ቅርጹን አጉልቶ የሚያወጣው በዋናነት ከቆዳው ገጽ ላይ የሚመለሰው ነጸብራቅ ነው፤ ነጸብራቁም የሚይዘው የቆዳውን ሳይሆን የብርሃኑን ምንጭ ቀለም ነው።

መመሪያውን የተከተሉ ሥዕሎች ፊቱን ደብዛዛና ሕይወት የራቀው ስለሚያስመስሉት ጉድለቱ ቀላል አይደለም። ጥላውን በተለየ ሌየር (በሥዕል ሶፍትዌር ውስጥ ለብቻው በሚስተካከል ንብርብር) ያስቀመጡ ሠዓሊዎች ሥዕሉን እንደገና መጀመር ሳያስፈልጋቸው፣ ጥቁሩን ሞቅ ባለ ቀይ ቡናማ ተክተው ሌየሩን በመልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን ቀለም በሚያጠቁር የማዋሃጃ ዘዴ) ማዋሃድ ይችላሉ፤ ጥላው ከጠራ ሰማይ ብርሃን የሚደርሰው ከሆነ ግን ወደ ሰማያዊ ማዘንበል ይኖርበታል።