«ታከም» ማለትማ ቀላል ነው

ሰፈራችን የቤት ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ አለ። ልጅ አልኩ እንጂ ሠላሳዎቹን አጋምሷል። ዘመዴ አይደለም፣ ጓደኛዬም አይደለም። ሶኬት ሲቃጠል እጠራዋለሁ፣ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ተባብለን እናልፋለን፣ በቃ። አንድ ጠዋት ሥራ ሊጀምርልኝ መጥቶ መጀመሪያ ማኪያቶ እንጠጣ አልኩትና ካፌ ገባን። ብርጭቆውን ማንሳት አቃተው። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ አፉን ወደ ብርጭቆው ዝቅ አድርጎ ፉት አለ። ቀና ሲል እያየሁት ነበር። «አይፍረዱብኝ ጋሼ፣ ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመስኩ እጄ አይረጋም» አለኝ።

ሰፈሩ ምን እንደሚለው አውቃለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁና። ተው እንጂ። ጠንክር። እናትህን እያት። ታከም።

ይህቺ «ታከም» የምትባል ነገር ናት የዛሬ ጣጣዬ። የት? ማን ጋ? በየትኛው ብር? ማን ይዞት ሄዶ? እኔ እንደገባኝ በሱስ ወይም በአእምሮ ሕመም የተያዘ ሰው ምክር አልጎደለውም፣ ምክርማ ጠግቦ ነው የሚያድረው። የጎደለው በጠዋት ተነስቶ አብሮት ታክሲ የሚሳፈር ሰው ነው። ይሄ ሰው ደግሞ የግድ ቤተሰብ መሆን የለበትም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ባይሆን ይሻላል። ቤተሰብ ደክሞታል፣ ተበድሎታል፣ ቴሌቪዥኑ ተሸጦበታል፣ «ስንቴ ነው የምንሰማህ» ብሎ ተስፋ ቆርጧል። ከእኔ ጋር ግን የቆየ ሒሳብ የለንም። ትንሽ ያፍረኛል፣ ብናገረውም ቶሎ አያኮርፈኝም።

እናቱን ሳናግራቸው ለካ እሳቸውም የራሳቸው ዕቅድ አላቸው። ጎረቤት አስተባብረው ሦስት ቀን ክፍሉ ውስጥ ሊቆልፉበት ነው። ደነገጥኩ። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው፣ የሌለ ነገር ሊያሳየው፣ ሊያቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። ሰውነቱ አልኮሉን ለምዶ ነው ሚዛኑን የሚጠብቀው። ሐኪም ግን በመድኃኒት ቀስ እያደረገ ያወርደዋል፣ ቫይታሚንም ይሰጠዋል። «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተው» የምንለው ነገር ጀግንነት ይመስለናል እንጂ አደገኛ ነው።

ጫቱ ሌላ ነው። ጫት ሲተዉት እንዲህ አይገድልም፣ ግን ያነጫንጫል፣ ያደክማል፣ ሌሊት ዱካክ እየመጣ ያስጮሃል። የእኛ ሰው ሁለቱም ነበረበት። ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። ጫቱ እንቅልፍ ይወስድበታል፣ አረቄው ያስተኛዋል፣ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንደገና አንድ መለኪያ። በዚህ መሀል «ሰዎች ይከታተሉኛል» ማለት ጀምሯል። ሱሱ ነው ያመጣው ወይስ ሕመሙ ቀድሞ ነው ወደ ሱስ የገፋው? እሱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ሁለቱንም አንድ ላይ ለሐኪሙ መንገር ነው፣ «ጠጪ ነው» ብሎ ሌላውን አለመዋጥ።

እሺ ያለኝ ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ ንጋት 12 ሰዓት በራቸው ላይ ነበርኩ። የሱሰኛ እሺታ ዕድሜው አጭር ነው፣ «የሚቀጥለው ሳምንት» ከተባለ አለቀ። ጠዋት አንዷን መለኪያ ቀምሷል፣ እኔም አልከለከልኩትም፣ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄድን፣ ያለ ሪፈር ሆስፒታል መሄድ ተመላልሶ መድከም ነውና። ነርሷ ቀስ ብላ ስለ እንቅልፉ ጠየቀችው፣ ስለ መጠጡ ጠየቀችው፣ ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አለችው። እኔ ወንበሬ ላይ ተሸማቀቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር አፍ አውጥቶ ይጠየቃል እንዴ? እሱ ግን ወለሉን እያየ «አዎ፣ ሁለት ጊዜ» አላት። እናቱ አያውቁም። እኔም አልጠየቅኩትም። ጥያቄው ያላሰበውን ሰው እንደማያሳስበው ባለሙያዎች ይናገራሉ፣ ብዙ ሰው እንዲያውም ሲጠየቅ ይቀለዋል። እሱም ከዚያ በኋላ ነው አፉን የፈታው።

ሆስፒታሉ (ስሙ ይቅር) ካርድ ክፍል ሰልፉ ሌላ ዓለም ነው። ተራችን ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «አስታማሚ አለው?» የሚል ነበር። ወንድሙ ነዎት? አይ፣ ጎረቤቱ ነኝ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። እስቲ አስቡት፣ ቤተሰብ ፊቱን ያዞረበት፣ ከአገር ቤት መጥቶ ብቻውን የሚኖር ሰው በዚህች መስኮት እንዴት ያልፋል? ጠና ያለ ሕመም ያለበትን ሰው አስታማሚ አምጣ ብሎ መመለስ ማለት፣ በጣም የሚያስፈልገውን ሰው መርጦ መመለስ ማለት ነው። አልጋም አልነበረም። መድኃኒት ተጻፈለት፣ «ክኒኑን እሱ እንዳይዝ፣ ሌላ ሰው እየቆጠረ ይስጠው» ተባልኩ፣ በየሁለት ቀኑ እንድናሳየው ቀጠሮ ተያዘ።

እንግዲህ ሌላው ነገር ስሙ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ከጣልያን ዘመን ጀምሮ ያለ፣ ለብዙ አሠርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ቤት ነው። እኛ ምን አደረግነው? ስድብ። «አማኑኤል ግባ!» እያልን አድገን፣ ዛሬ ታማሚን አማኑኤል እንሂድ ስንለው ለምን እምቢ ይላል ብለን እንገረማለን። ልጁም መጀመሪያ የጠየቀኝ «አማኑኤል ነው የምትወስዱኝ?» ብሎ ነው። ዛሬ ጳውሎስም ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፣ ግን አማኑኤል ቢሆንስ ምን አለበት?

እናቱ እንጦጦ ጠበል ይሂድ ይላሉ። ይሂድ፣ ማን ከለከለ። የምጣላው «መድኃኒቱን ካላቆምክ ጠበሉ አይሠራም» ከሚል ሰው ጋር ነው። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ሲናገሩ ስንት ሰው ከሞት ተርፏል። ለእናቱ ይህንኑ ነገርኳቸው። ዝም አሉ፣ ከዚያ «እሳቸው ካሉማ» ብለው ክኒኑን ከስኳር ዕቃው አጠገብ ሰቀሉት። ጠዋት ክኒን፣ ቅዳሜ ጠበል።

ድኗል ብዬ አልዋሻችሁም። አርባ ቀን ገደማ አልጠጣም፣ ከዚያ የጓደኛው ሠርግ መጣና አገረሸበት። ሰፈሩ «አላልንህም?» አለኝ። ደምግፊት ያለበት ሰው ጨው አብዝቶ ቢታመም ሕክምናው ከንቱ ነው የሚል የለም፣ ለእሱ ሲሆን ግን ሁሉም ፈራጅ ነው። ሠርጉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ራሱ ደወለልኝ፣ ከዚህ በፊት ደውሎልኝ አያውቅም። «ጋሼ፣ ካርዱ እርስዎ ጋ ነው አይደል?» አለ።

እኔ ጋ ነው። ሐሙስ እንሄዳለን።