ባጃጇ ትረፍ፣ ልጁ ይግባ

ባለፈው እሑድ ደሴ ላይ አንድ የ13 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ሦስተኛ ጨዋታውን ሊጀምር ሲል አይቼ በአገሬ አሰልጣኞች ኮራሁ። ጠዋት ለሰፈሩ ተጫውቷል። ቀትር ላይ በሌላ ልጅ ስም ለጎረቤት ሰፈር ገብቷል። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ለታዳጊዎች እግር ኳስ ፕሮጀክቱ ሊሰለፍ ጫማውን ያስራል። ግራ እግሩን ሲረግጥ ፊቱ ይጨማደዳል። ኮቹ አዩት። «አብሽር፣ ሲሞቅ ይለቅሃል» አሉት። ሐኪም ስንት ዓመት ተምሮ፣ ዳብሶ፣ ፎቶ አስነስቶ የሚደርስበትን እሳቸው ከመስመር ዳር ሆነው በሦስት ቃል ጨረሱት። ዕድሜ ይስጣቸው።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። የሌላቸው ሰፈር የለም። ፊሽካ አንገታቸው ላይ፣ ውሃ በሃይላንድ፣ እግር ለተሰበረም ራስ ለታመመም የሚነፋ አንድ ስፕሬይ።

የእኛ ሰፈሩ ኮች በሥራ ቀን ባጃጅ ይነዳሉ። ርኅራኄ ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ከባጃጇ ጋር ይያቸው። ዘይት የተቀየረበት ቀን በደብተር ተጽፏል። ጎማ የተነፋበት ቀን ተጽፏል። ከሦስት ሰው በላይ አይጭኑም። ጠዋት አስነስተው ወዲያው አይነዷትም። የጦሳ ብርድ ሞተሯ ውስጥ አድሯል፣ ትንሽ ትሙቅ ይላሉ። ዳገት ላይ ድምጿ ከተለወጠ ቆመው ይወርዱና ጆሯቸውን ይደቅናሉ። ተሳፋሪ «ኧረ ረፈደብኝ!» ቢል «ወንድሜ፣ ብረትም ይደክመዋል እኮ» ይሉታል። አንድ ቀን እኔው ተሳፍሬ ከፒያሳ ስንወጣ ሁለት ጊዜ ቆመን፣ ሞተሯ እስኪበርድ ስለ አርሴናል ተከላካይ መስመር አወራን። የበረደችው ተከላካዮቹን ጨርሰን አማካዮቹ ላይ ስንደርስ ነው። ማታ ሸራ ትለብሳለች። ክረምት ሲገባ ከሸራው ሥር ጋቢ ይጨመርላታል። ጋቢው የእናታቸው ነበር። እናትየው «ጋቢዬስ?» ብለው ጠይቀው «ባጃጇ ጋ ነው» ሲባሉ ነገሩን ተዉት። እሑድ አትሠራም። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሳምንቱን ሙሉ ስትለፋ ከርማ እሑድም? አላህን ፍራ እንጂ!»

እሑድ ሦስት ጨዋታ ያለው ልጁ ነው። ረቡዕ የትምህርት ቤቱ አለ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ልምምድ ነው። የእሱ ደብተር የለም።

ይሄን ጀግንነት እያደነቅኩ ሳለ ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። የእሱ ልጅ 12 ዓመቱ ነው፣ ቤዝቦል ይጫወታል። ወርዋሪ ነው፣ ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው እሱ ነው። «85 ስለሞላ አስወጡት» አለኝ። ምኑ ነው 85 የሞላው? ውርወራው። ሊትል ሊግ በሚባለው የልጆች ቤዝቦል ማኅበር ደንብ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ85 ጊዜ በላይ እንዲወረውር አይፈቀድም። ሥራዬ ብሎ ተቀምጦ እያንዳንዷን የሚመዘግብ ሰው አለ። 66 ከደረሰ ደግሞ 4 ቀን ከውርወራ ያርፋል። ደከመኝ ባይልም! ትልልቆቹ የቤዝቦል ተቋማት ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ በዓመት ቢያንስ 4 ወር ከውርወራ ይረፍ ብለው ይመክራሉ። አፈርኩለት። ይሄን የሐርቡ ልጅ ቢሰማ ከማማው ላይ በሳቅ ይወድቃል። እሱ ማሽላ ሲጠብቅ ከንጋት እስከ ማታ በወንጭፍ ስንት ድንጋይ እንደሚለቅ የቆጠረለት ማን ነው? ወፎቹም አልቆጠሩም።

ወሬውን ለኮቹ ወሰድኩላቸው። «ፈሪ ያሳድጋሉ» አሉ። ከዚያ የጃፓኑን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ማትሱዛካ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ኮሺየን በሚባለው የተማሪዎች ቤዝቦል ውድድር በአንድ ጨዋታ 250 ጊዜ ወረወረ። ኮቹ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይሄ ነው አገር!» እ.ኤ.አ. በ2011 የክርኑን ጅማት በሌላ ጅማት የሚተካ ቀዶ ጥገና እንደተደረገለት ልነግራቸው ስል ስልካቸው ጠራ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ጃፓኖቹ ራሳቸው አንድ ተማሪ በሳምንት ከ500 ጊዜ በላይ አይወረውርም ማለታቸውንም አልሰሙኝም። ለእሳቸው ጃፓን 250ው ላይ ቆማለች።

ኮቾቻችን ስለ ልጅ አጥንት አያውቁም የሚል ሰው ካለ ግን ስማቸውን እያጠፋ ነው። በደንብ ያውቃሉ! ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማየት እንደጀመረ ከእኔ በፊት የሰሙት እነሱ ናቸው። የአንጓው አጥንት እድገቱን ጨርሶ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ልጁ ዕድሜው አልፏል ተብሎ ይወጣል። ስለዚህ ጢሙን ተላጭቶ የመጣውን «ታዳጊ» አንጓ እያዩ እንቅልፍ ያጣሉ። የተዘጋ አጥንት ያሳስባል። ያልተዘጋው ምን ይሆናል ብለው ነው የሚጨነቁት?

እኔ ልንገራችሁ ምን እንደሚሆን። ቀልዱ ይቆየን። በሚያድግ ልጅ አጥንት ጫፍ ላይ ገና ያልጠነከረ ክፍል አለ። ልጁ በሮጠና በመታ ቁጥር የጭኑ ጡንቻ በጅማቱ በኩል ከጉልበቱ ሥር ያንን ቦታ ይጎትተዋል። እረፍት ከሌለ ያብጣል፣ ሲነኩት ያስጮኻል። ሐኪሞች ኦስጉድ ሽላተር የሚሉት ነው። የልጁን ጉልበት አይቼዋለሁ። የለውዝ ፍሬ ከቆዳው ሥር የተቀበረ ይመስላል። ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይይዛል። ጫናውን መቀነስና ጊዜ መስጠት ነው ዋናው ሕክምናው። ይሄ ከውጭ አይመጣም። ዶላር አይጠይቅም። ፋርማሲ «አልቋል» አይባልም። እሱን ነው የነፈጋችሁት! ለምን? ለአንድ የሽልማት ሙክት! ያንንም ልጁ አይበላውም፣ ኮሚቴው ነው የሚበላው።

እሺ፣ ተረጋጋሁ። ሙክቱን ካነሣሁ አይቀር እሱም ከውድድሩ በፊት ሁለት ወር ሳይንቀሳቀስ ተቀልቧል። ማንም «ሲሞቅ ይለቀዋል» አላለውም።

አባቶችንም ላመስግን። «ልጄ ሳላህ ይሆናል» ብሎ አራት ማልያ የሚያስለብስ አባት ባይኖር ኮች ብቻውን ምን ያደርግ ነበር? ከዳር ሆነው በርጫቸውን ይዘው «ልብ የለውም!» የሚሉትም አይረሱ። ከእነሱ መሃል ከአጥሩ እስከ ማዕዘን ምቱ ሳያርፍ የሚደርስ አንድ እንኳ አላየሁም።

ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ጎሏን ያገባው ልጁ ነው፣ በዚያው እግሩ። ጉም ከጦሳ ወርዶ ሜዳውን መሸፈን ጀምሯል። ኮቹ ኳሶቹን በጆንያ ሰብስበው ባጃጇ ላይ ጫኑ። እሑድ ቢሆንም ኳስ ለማመላለስ ብቻ ትወጣለች። ልጁ እያነከሰ መጣና አንድ እግሩን ባጃጇ ላይ አስቀደመ።

«ኮች፣ እስከ ዳገቱ ድረስ ልሳፈር?»

ኮቹ ሞተሯን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተ በእግርህ ሂድ የኔ ጌታ። እሷ ዛሬ አላረፈችም።»